መግነዜን ይዤ ኦክላንድ ደርሼ መጣሁ

በ1993 ዓ.ም. የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ጽሕፈት የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቁብኝ። ይህን የምጽፈውም የማኅበር ጓደኞቼ «አሜሪካ እንዴት ነው?» እያሉ ስላሰለቹኝ ነው። ለእያንዳንዱ ከምለፈልፍ አንዴ ልጻፈውና ይነበብላቸው። ድልድይና ፎቅ ማየት የፈለገ ፎቶግራፍ ይይ። እኔ የማወራው ስለ ጨርቄ ነው።

ጨርቁ አቡጀዲ ነው። ባለቤቴ አስካለ ሳትሞት፣ እኔም ናዝሬት ወፍጮ ቤት ስሠራ፣ አቡጀዲ ገዝተን ለሁለት ቀደድነው። ግማሹ የእሷ መግነዝ፣ ግማሹ የእኔ። በሁለቱም ጠርዝ ላይ በአረንጓዴ ክር መስቀል ጠለፈችበት። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር መስቀሉ ወደ ግራ አጋድሏል። እኔ «ይሄ መስቀል ሰክሯል» ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «በትንሣኤ ቀን ያን ሁሉ ሕዝብ ማን ሊለየው ነው? እኔ አንተን በዚህ እለይሃለሁ። አንተም ተገትረህ አትቅር፣ ፈልገኝ» አለችኝ። ከዚያ የራሷን ለብሳ ቀድማኝ ሄደች። የእኔ ሣጥን ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ በሙሉ ለዚያ ቀን መሰናዳት ሆነ። ስተኛ እግሬ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ሙታን እንደሚቀበሩት። ስነሣ እንዳልደናገር ከአሁኑ ልምምድ ላይ ነኝ። ቂም ይዤም አልተኛም፤ ጌታ ማታ ቢመጣስ? ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ልጄ ጽጌ ኦክላንድ ከባልዋ ጋር ትኖራለች። «አባዬ፣ አንዴ መጥተህ የልጅ ልጅህን እይ» እያለች ስትነተርከኝ ኖራ፣ ከገና በኋላ ተነሣሁ። መግነዜን ሻንጣ ውስጥ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር ሳስቀምጥ ጎረቤቶቼ አዩ።

«ለጉብኝት መግነዝ ይዞ የሚሄድ ሰው ዛሬ ገና አየን» አሉ።

«ሰው አገር ብሞት በምን ሊጠቀልሉኝ ነው? በአበባ አንሶላ?» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ቀን በሰማይ ላይ አለቀ። አስተናጋጇ የአገራችን ልጅ ነበረችና «ልጄ፣ ምሥራቅ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ከኋላችን ነው አባባ።»

«እንግዲያው ወንበሩን አዙሪልኝ፣ ልተኛ ነው።»

«አባባ፣ ወንበሩ አይዞርም!»

ከናዝሬት አዲስ አበባ የምንሄድበት አውቶቡስ እንኳ ደህና ነው፤ ረዳቱን ከለመኑት ቦታ ይቀይራል። እዚህ ግን ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ ምዕራብ ሰጥቶ ነው የሚያንኮራፋው። ልጅቱ አዝናልኝ ሁለተኛ ትራስ አመጣችልኝ። እኔም ድንገት ብንወድቅ እንዳልተኛሁ ይቆጠርልኝ ብዬ ፍራንክፈርት እስክንደርስ ዓይኔን አልከደንኩም። ከፍራንክፈርት ወዲያ ግን እንቅልፍ አሸነፈኝ።

ሳን ፍራንሲስኮ ስንደርስ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፈተ። በርበሬውን አሽትቶ አስነጠሰ። ሽሮውን ነካክቶ ተወው። ከዚያ አቡጀዲውን አወጣና ዘረጋው፤ ምንድን ነው ማለቱ ነው። እኔ እንግሊዝኛ የለኝ። ምን ላድርግ? ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣመርኩ፣ ራሴን ወደ ኋላ ቀጥ አደረግሁ። ፈታሹ ገባው። ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ እንደ መተኛት አደረገና ሳቀ። አንሶላ መስሎታል። እኔም አልተከራከርኩም፤ የእኛም ሰዎች ስለ ሞተ ሰው አንቀላፋ ነው የሚሉት። አጥፎ መለሰልኝ፤ ያውም ከእኔ አስተካክሎ።

ጽጌ መውጫው በር ላይ አንገቴን አንቃ አለቀሰች። ባሏ ግርማ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ሻንጣው እግሩ ላይ ወደቀበት። «ምንም አይደል አባባ፣ ምንም አይደል» እያለ አነከሰ። ልጃቸው ናታን የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ስናገር ይሰማኛል፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔ በአማርኛ፣ እሱ በእንግሊዝኛ፤ ያም ሆኖ ስንጣላ አልዋልንም፤ እኛ አገር አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ወንድማማቾች ይጣላሉ።

ቤታቸው አፓርትመንት ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ለእኔ ሳሎን ያለውን ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ሶፋ ሰጡኝ። እግሬ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ሳዞረው የኩሽናውን በር ዘጋ። ማንም አልተቆጣም። ጽጌ ለጠዋት ሺፍት ስትወጣ በጎኗ እየተሽሎከለከች፣ ናታን ወተት ሲፈልግ በሆዴ ላይ እየተራመደ ሰነበቱ። ግርማ ወፍራም ስለሆነ ማለፍ አቃተውና ቁርሱን ሳይበላ ነው የሚሄደው። እንግዳ ማክበር ማለት ይህ ነው።

በማግስቱ ግርማ ገበያ ወሰደኝ። ዶሮው ሁሉ ራስ የለውም። እኛ ዶሮ የምንገዛው ዓይኑን አይተን፣ ደረቱን ዳብሰን ነው። እዚህ ማን እንደሆነ ሳታውቀው ትገዛዋለህ። ትንሣኤ ለዶሮ አለመኖሩ በጀ እንጂ፣ ይሄ ሁሉ ራሱን ፍለጋ ሲሯሯጥ ጉድ ይታይ ነበር። ስመለስ ደረጃው ላይ ያገኘሁትን ጎረቤት ሁሉ ባርኔጣዬን አንሥቼ «ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። አንዲት ሴትዮ ብቻ ቆም ብላ አንድ ብርቱካን ሰጠችኝ። ለምን እንደሰጠችኝ እስካሁን አላውቅም። ጣፋጭ ነበር።

መከራዬ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ሸለብ አድርጎኝ ስነሣ ሻንጣዬ ተከፍቷል። ግርማ በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ የታጠፈ ልብስ ታቅፎ ገባ።

«አባባ፣ ልብስዎን በሙሉ ላውንድሪ አደረግሁልዎት! አንሶላዎ በርበሬ በርበሬ ይሸት ስለነበር አብሬ አጠብኩት።»

አማች ልብስ ሲያጥብ ማየቱ ራሱ ለእኔ አዲስ ነበር፤ ልመርቀው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ጨርቁን አየሁት። ከናታን ቀይ የኳስ ማሊያ ጋር ነው ያጠበው። መግነዜ ሮዝ ሆኗል። ደብዛዛ ሮዝ እንዳይመስላችሁ፤ የሠርግ ኬክ ላይ የሚቀባው ዓይነት። የአስካለ አረንጓዴ መስቀል ብቻ እንደ ድሮው፣ ወደ ግራ እንዳጋደለ ቁጭ ብሏል።

«ይሄ መግነዜ ነው» አልኩት።

«ምንዎ ነው?»

«መግነዜ! የምቀበርበት! የምነሣበት!»

ግርማ ሶፋው ላይ ዘጭ አለ። ናታን ማሊያውን ፈልጎ ሲመጣ ጨርቁን አየና «ፒንክ!» ብሎ አጨበጨበ። ጽጌ ከሥራ ስትገባ ሁላችንም ጨርቁን ከበን፣ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አገኘችን። የነገሩን ክብደት ከእሷ በቀር የሚረዳ አልነበረም፤ እናቷ ስትጠልፈው አይታለች። ወርዳ በረኪና ገዝታ መጣች።

«አባዬ፣ በዚህ አንዴ ከዘፈዘፍነው ነጭ ይሆናል።»

«መስቀሉስ?»

የበረኪናውን ጠርሙስ አገላበጠች።

«መስቀሉስ አልኩሽ?»

«እሱም ይለቃል አባዬ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ነጭ ላድርገው ካልኩ የአስካለ ምልክት ይጠፋል። ምልክቱን ላትርፍ ካልኩ፣ ነጭ ለብሶ የሚነሣ ባል የምትፈልግ ሴት ሮዝ የለበሰውን ሽማግሌ ዓይታ ታልፋለች። ሰባ ሰማንያ ትውልድ በተነሣበት ሜዳ ላይ ማን መስቀል ለማየት ጠጋ ይላል? በረኪናውን መልሺው አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግርማ ጋር የነበረን ነገር እንዲህ ነው። ቂም ይዤ አልተኛም ብያችኋለሁ። ስለዚህ ማታ ማታ መኝታ ቤታቸውን አንኳኳለሁ።

«ማነው?»

«ግርማ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ።»

ጠዋት ስነሣ ግን ጨርቁን አየዋለሁ፣ እንደ አዲስ እቃጠላለሁ፣ እስከ ማታ አላናግረውም። ማታ ደግሞ አንኳኳለሁ። ጽጌ «አባዬ፣ ወይ ጠዋትም ይቅር በለው ወይ ማታ አስተኛን» አለችኝ። የጌታ መምጫ ጠዋት እንደማይሆን ማረጋገጫ ብትሰጠኝ ኖሮ አስብበት ነበር።

ዓርብ ሳን ሆዜ ሄድን። እዚያ ከልጁ ጋር የሚኖር ኃይሉ የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ ወፍጮ ቤት አብረን ዱቄት ስንጭን የኖርን ነን። ኋላ ጴንጤ ሆነ። ጥምቀትን ለማክበርም የምንሄደው እዚያው ሳን ሆዜ ስለነበር እሱ ዘንድ አደርን። ጥምቀት ግን ዓርብ ነበር። የዚያ አገር ምእመናን ሰው ሥራ ስለሚሄድ ብለው ወደ ቅዳሜ አዛውረውታል። በእኛ አገር ሰው ነው ወደ በዓሉ የሚሄደው፤ እዚህ በዓሉ የሰውን ሺፍት ይጠብቃል።

መንገዱ ፍሪዌይ ይባላል። መኪናው ሁሉ ይከንፋል፣ አንድ አህያ የለ፣ ጥሩምባ የሚነፋ የለ። ግርማ ውኃ ሲያቀብለኝ ተቀብዬ ጠጣሁ፤ አመሰግናለሁ ግን አላልኩም፣ ገና ቀን ነበር።

ኃይሉ ይዤው የመጣሁትን ጨርቅ ሲያይ ሳቁ አላስተነፍሰው አለ። «አንተ ሰውዬ! አሁንም በአቡጀዲ ነው የምትጨነቀው? እዚያ የጽድቅ ልብስ በነጻ ይሰጥሃል።»

«ልኬን ማን ነግሯቸው?»

«ጌታ ልክህን አያውቅም?»

«ወፍጮ ቤት በነጻ የተሰጠኝ ቱታ እስከ ጡረታዬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር የቀረው። የነጻ ልብስ ጠባይ አውቃለሁ።»

«አንተ እኮ ገነት በር ላይም ከዘበኛው ጋር ትጣላለህ!»

«አንተ ደግሞ እጅህን እያነሣህ ስትዘል ከደመናው ትወድቃለህ።»

እንዲህ ስንባባል እራት በላን። የኃይሉ ምራት ምስር ወጡን በሰሃኔ ላይ እየደረበች አላስቆም አለችኝ። መኝታ ሲደርስ ኃይሉ ራሱ ፍራሹን እየጎተተ አዞረልኝ። «ምሥራቅ በዚህ ነው፤ ፀሐይዋ በዚያ መስኮት ነው የምትገባው» አለኝ። እኔ ሳልጠይቀው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ሲገባ ሰማሁት፤ የራሱንም አልጋ እየጎተተ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጨርቁን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ሐሳቤ ቄሱ ጠበሉን ሲረጩ በላዩ ላይ እንዲያርፍ ነው፤ ምናልባት ነጭ ይመልሰው ይሆናል። በዓሉ የሚከበረው በተከራዩት አዳራሽ ፓርኪንግ ላይ ነው። የእኛ ባሕረ ጥምቀት ቢያንስ ባሕር ይመስላል። እነሱ ውኃውን የሞሉት ዓሣ የተሣለበት የሕፃናት ፕላስቲክ መዋኛ ውስጥ ነው። ቄሱ ባርከው ሲያበቁ አንድ ዲያቆን የአትክልት ማጠጫ ጎማ አንሥቶ ሕዝቡን አጠጣው። እኔ ጨርቄን ዘርግቼ ከፊት ቆምኩ። ራሰ፣ ጨመቅሁት፣ አየሁት። ያው ሮዝ ነው። እንዲያውም ታጥቦ ደመቀ።

ግርማ ሕዝቡ እንዳይገፋኝ ብሎ እጄን ያዘኝ። ጠዋት አይደል? «እንደ ሕፃን አትያዘኝ!» ብዬ መነጨቅሁት። ዞር ስል የለም። ነጭ ጋቢ የለበሰ ወፍራም ሰው ከፊቴ ሲሄድ አየሁና ግርማ ነው ብዬ ተከተልኩት። ሰውዬው ቫን ውስጥ ገባ፣ እኔም ገባሁ። ስቀመጥ አየሁት፤ ግርማ አይደለም። ሆኖም ፈገግ ብሎ «ይመቻቹ አባባ» ሲለኝ፣ ጽጌ አሳፍራኝ ነው አልኩ። ባለቤቱ ከፊት ወንበር ተነሥታ ለእኔ ለቀቀች። ልጆቻቸው ተራ በተራ ጉንጬን ሳሙ። ሄድን፣ ሄድን።

ሳኒቬል የሚባል ከተማ፣ ቤታቸው ገባን። እጄን አስታጠቡኝ፣ የበዓል ዶሮ ቀረበ፣ ፈረሰኛው ለእኔ ወጣልኝ። እኔም ከልቤ መረቅኋቸው። ሰውዬው መስፍን፣ ሚስቱ ሰናይት ይባላሉ። ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ «ጽጌ አትመጣም እንዴ?» አልኩ።

«ጽጌ ማን ናት አባባ?» አለች ሰናይት።

መስፍን ሚስቱን አየ። «የአንቺ አጎት አይደሉም እንዴ?»

«የእኔ? እኔ የአንተ ናቸው ብዬ እኮ ነው!»

«እና ለምን አልጠየቅሽም?»

«አንተስ? ሽማግሌ ሰው ማን ነዎት ይባላል?»

እንጀራው አፌ ውስጥ ቀረ። ሁለቱም በጨዋነታቸው ሳይጠይቁ፣ እኔም በኩራቴ ሳልጠይቅ፣ ሰው አገር ጠፍቻለሁ። የጽጌን ስልክ አላውቅም፣ የቤቷን ቁጥር አላውቅም፣ የኃይሉንም ልጅ የአባቱን ስም ብቻ ነው የማውቀው። መስፍን ተነሥቶ «አይዞዎት፣ አሁኑኑ እንመልስዎታለን» አለ። ሰናይት ግን «መጀመሪያ ይብሉ» ብላ አጎረሰችኝ። ያን ጉርሻ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

በመኪናው ውስጥ ፈራሁ። መጥፋቱ አይደለም ያስፈራኝ። የገዛ ልጄ፣ ዓይኗ እያየ፣ ቆማ እየሄደች፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካጣችኝ፣ አስካለ ከአዳም ጀምሮ የሞተው ሁሉ በተነሣበት ቀን በምን ታገኘኛለች? ለዚያውም ዓይኗ የደከመ ሴት ናት።

ስንደርስ ሕዝቡ ብሶበታል። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ቀሚስ፣ ሁሉ ነጭ። ባለ ጢም ሽማግሌው ሁሉ እኔን ይመስላል። ሩቅ ላይ ግርማን አየሁት፤ የሽማግሌዎችን ትከሻ እየያዘ አንድ በአንድ ፊታቸውን ያዞራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። ጠራሁት። ከበሮው ውጦኝ አልሰማም። ያኔ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ወጣሁና ከፌስታሌ ጨርቄን አውጥቼ በሁለት እጄ ከራሴ በላይ ዘረጋሁት።

«ሮዙ! ሮዙ! አባዬ!» የሚል የጽጌ ጩኸት ከከበሮው በላይ ተሰማ። ነጭ ውስጥ ሌላ ሮዝ የለማ! ግርማ ሕዝቡን እንደ ገብስ እየከፈለ መጣና፣ ያ ወፍራም ሰውዬ፣ እርጥብ ጨርቄ ውስጥ ገብቶ አቅፎኝ አለቀሰ። ጽጌ ደግሞ እየሳቀችም እያለቀሰችም «ኃይሉ ጋ ደውለን፣ ጠፋ ብንለው፣ ምሥራቅን ተከትሎ ናዝሬት ሄዶ ይሆናል አለን!» አለችኝ።

እዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ አሰብኩ። ጨርቄን ጨምቄ ፌስታሌ ውስጥ መለስኩት።

ያን ማታ ኦክላንድ ተመልሰን የመኝታ ቤታቸውን በር አላንኳኳሁም። ይቅር የምለው ነገር አልነበረኝም። ግርማ ለምዶት ነው መሰለኝ፣ ራሱ ሳሎን መጥቶ «አባባ፣ ዛሬ ደህና አይደሉም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠዋት ስነሣም ቁጣዬን ፈለግሁት፣ የለም። ሶፋውን ትንሽ ወደ ግድግዳው ገፋሁለትና ቁርሱን በልቶ ሄደ።

ጽጌ በቀረው ጊዜ «ሌላ ነጭ ጨርቅ ልግዛልህ» ብትለኝ እምቢ አልኩ። «እዚሁ ቅር» ብትለኝም እምቢ አልኩ፤ እናትሽ አጠገብ የተያዘልኝ ቦታ አለ አልኳት። አውሮፕላን ማረፊያ ናታን ቀዩን ማሊያውን ሰጠኝ፤ ማስታወሻ መሆኑ ነው። በሌላ ፌስታል ለይቼ ያዝኩት። ስንመለስ አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ሰጥቶ ነው የሚበረው፤ እግሬን ዘርግቼ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ናዝሬት ማታ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ ቁርስ ሳልቀምስ፣ ጨርቄን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አስካለ መቃብር ላይ ዘረጋሁት፣ መስቀሉን ወደ እሷ አድርጌ።

«ስሚ አስካለ» አልኳት፣ «የተነጋገርነው ትንሽ ተለውጧል። መስቀሉ አለ፣ ግን በመስቀሉ አትድከሚ። ሁሉም ነጭ ለብሶ ነው የሚነሣው፣ አይቼዋለሁ፣ ማንም ማንንም አይለይም። ሮዝ የለበሰውን እይ። አንድ ብቻ ነው የሚሆነው። አንቺም ሮዙን አይተሽ ስትስቂ እሰማሻለሁ፣ እኔም በሳቅሽ እመጣለሁ።»

የግቢው ዘበኛ ዱላውን ይዞ መጣ። «አባባ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከሚስቴ ጋር። ቀጠሮ እያስተካከልን ነው» አልኩትና፣ ጨርቄን እንደ ፈታሹ አስተካክዬ አጥፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።